«የደነዘዘ ወታደር ነው ወይ የምሰጣት?» ስለ ስቴም ሴል መርፌና ስለ ቲ ሴሎች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወንድማችን ታናሽ እህቱን ኤኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ይዟታል። ኬሞው ሰርቶላት በሽታው ለጊዜው ጠፍቷል። አሁን የስቴም ሴል (ደም የሚያመርተው ሴል) ንቅለ ተከላ ቀጠሮ ተይዞላታል፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ማች አድርጓል፣ ማለትም ለመለገስ የሚያስፈልገው የሴል ዓይነታቸው ይገጥማል። ሐኪሞቹ «ጥቂት ቀን መርፌ ትወጋለህ፣ ከዚያ ከደምህ ላይ እንሰበስባለን» ብለውታል። ቀጥሎ አንድ የሚያውቀው ሰው «ያ መርፌ በሽታ የሚዋጉልህን ቲ ሴሎችህን ያደነዝዛል፣ ለእህትህ የደነዘዘ ወታደር ነው የምትሰጣት፣ ይልቅ ከአጥንትህ ይውሰዱ በላቸው» ብሎ አስጨነቀው። «እውነት ነው ወይ? የኔስ በሽታ የመከላከል አቅም ይበላሻል ወይ? እባክህ ዶክተር፣ በግልጽ ንገረኝ» ይላል።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እህትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ሁለተኛ፣ ዶክተር አይደለሁም። የሴል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከለጋሹ ክንድ የወጣው ከረጢት መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ስንት ስቴም ሴል አለው፣ ስንት ቲ ሴል አለው ብለን ቆጥረን ነው ወደ በሽተኛው የሚሄደው። የእህትህን ህክምና የሚወስኑት ሐኪሞቿ ናቸው። እኔ ከረጢቱ ውስጥ ስላለው ነገር ልንገርህ።

ሰውዬው የነገረህ ግማሹ ልክ ነው። መርፌው ቲ ሴሎችን ይለውጣቸዋል። «ይደነዝዛሉ» የሚለው ላይ ነው የተሳሳተው። ጠባያቸው ነው የሚለወጠው፣ ያ የጠባይ ለውጥ ደግሞ መጀመሪያ ላይ እህትህን የሚጠቅማት ነው። ችግር ካለው ችግሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ እሱ ላይ እመለሳለሁ።

መርፌው ምን እንደሚሠራ ልጀምር። ስሙ ፊልግራስቲም ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተውን ጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ የሚባል ነገር አስመስሎ የተሠራ ነው። ልኩ ብዙውን ጊዜ በአንድ ኪሎ ክብደት 10 ማይክሮግራም በቀን ነው፣ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን። ስቴም ሴል የደም ዘር በለው። ኑሮው መቅኔ ውስጥ ነው። እዚያ ታስሮ የሚቀመጠው የመቅኔው ሴሎች የሚለቁት ሲኤክስሲኤል 12 የሚባል ኬሚካል ስላለ ነው፤ እንደ ቤት ሽታ ነው፣ ስቴም ሴሉ ሽታውን እየተከተለ ከቤቱ አይወጣም። መርፌው ሲገባ መቅኔው ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ፣ እየበዙም ማሰሪያውን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይለቃሉ። አጥንት የሚገነቡት ሴሎችም ያንን ሽታ ማምረት ይቀንሳሉ። ያኔ ስቴም ሴሉ «ቤቱ ቤት ቤት አይሸትም» ይልና ወደ ደም ይወጣል። ማሽኑ የሚለቅመው እዚያ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ስቴም ሴል ብቻውን አይወጣም። ሙሽራ ብቻዋን ስትመጣ አይተህ ታውቃለህ? ሙሽራዋን ትጠራለህ፣ ከነሚዜዋ፣ ከነአጃቢዋ፣ ከነሰፈሩ ነው የሚመጣው። እኔ የምቆጥረው ከረጢት ውስጥ እውነተኛው ስቴም ሴል ከመቶ አንድ አካባቢ ነው፣ አንዳንዴ ከዚያም ያንሳል። የቀረው አጃቢ ነው። ቲ ሴል፣ ቢ ሴል፣ ኤንኬ ሴል፣ ሞኖሳይት፣ ሁሉም የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እኛ «ግቡን መታ» የምንለው ለተቀባዩ ክብደት በኪሎ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ስቴም ሴል ሲገኝ ነው። ከዚሁ ጋር የሚገቡት ቲ ሴሎች ግን በኪሎ በመቶ ሚሊዮኖች ነው የሚቆጠሩት። በቀጥታ ከዳሌ አጥንት ተቀድቶ ከሚመጣው መቅኔ ጋር ስታወዳድረው አስር እጥፍ ገደማ ይሆናል።

አስር እጥፍ ቲ ሴል ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ጂቪኤችዲን ማወቅ አለብህ። የለጋሹ የመከላከያ ሴሎች የተቀባዩን ሰውነት «ባዕድ ነው» ብለው ሲያጠቁት ማለት ነው። ቆዳ፣ አንጀት፣ ጉበት ይመታሉ። ሙሉ ማች ብታደርግም ሊመጣ ይችላል፣ ምክንያቱም ሰውነት የራሱን ሴል ከባዕድ ከሚለይባቸው ከዋናዎቹ የኤችኤልኤ ምልክቶች ሌላ ብዙ ትናንሽ ልዩነቶች አሉ። የዚህ ዋና ተዋናይ ደግሞ ቲ ሴል ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐኪሞች ከወንድምና ከእህት ከመርፌው በኋላ የተሰበሰበ ደም መስጠት ሲጀምሩ ፈርተው ነበር። ሂሳቡ ቀላል ነው። አስር እጥፍ ቲ ሴል ካለ ጂቪኤችዲውም ከልክ ያልፋል ብለው ጠበቁ።

አላለፈም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች የሚመጣው አጣዳፊው ጂቪኤችዲ በመቅኔ ከተሠራው እጅግ ብዙ አልበለጠም። እኔ ይሄን ነገር መጀመሪያ ስማር ያቁለጨለጨኝ እዚህ ጋ ነው። ሰዎቹ በዝተዋል፣ ጠቡ ግን አልበዛም። ለምን?

መልሱ ያ ሰውዬ «ድንዛዜ» ያለው ነገር ውስጥ ነው ያለው። ረዳት ቲ ሴሎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ጠባይ አላቸው ብለህ አስብ። አንደኛው ቁጡው ነው፣ ቲኤች 1 ይባላል። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ቀስቃሽ ኬሚካል ይረጫል፣ ሌሎችን ይቀሰቅሳል፣ አጣዳፊውን ጂቪኤችዲ በብዛት የሚያቀጣጥለው እሱ ነው። ሁለተኛው ቲኤች 2 ነው፣ ኢንተርሊውኪን 4 እና ኢንተርሊውኪን 10 የሚባሉትን ያመነጫል፣ ይኸኛው ጠብ ላይ ቶሎ አይገባም። ጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ የተወጋ ለጋሽ ቲ ሴሎች ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ። ይሄ መጀመሪያ በአይጥ ታየ፣ ቀጥሎም በሰው ለጋሾች ደም ላይ። ላብራቶሪ ውስጥ ከባዕድ ሴል ጋር አገናኝተህ ብታስቀምጣቸው፣ መርፌ ካልተወጋ ሰው ቲ ሴል ያነሰ ይባዛሉ። ሰውዬው «ደነዘዙ» ያለው ይሄን አንብቦ ይመስለኛል። እኔ ግን ገላጋይ ሆነው መጡ ብል ነው የሚቀናኝ።

ቲ ሴሎቹ ብቻም አይደሉም። አጃቢዎቹ ውስጥ ብዙ ሞኖሳይት አለ፣ ከመቅኔ ከረጢት እጅግ የበዛ። እነዚህ በመርፌው ጊዜ የሚወጡ ሞኖሳይቶች የቲ ሴልን ንዴት የሚያበርዱ ናቸው። ኢንተርሊውኪን 12 የሚባለውን ቀስቃሽ እምብዛም አያመርቱም፣ ኢንተርሊውኪን 10ን ይለቃሉ። ዴንድሪቲክ ሴል የሚባሉት፣ ለቲ ሴል «ይሄ ጠላት ነው፣ ይሄ ወዳጅ ነው» እያሉ የሚያሳዩት፣ እነሱም ውስጥ ቲኤች 2ን የሚያበረታታው ዓይነት ይበዛል። የኤንኬ ሴሎች ነገር ትንሽ ለየት ይላል። ካንሰር ሴልን ያለ ብዙ ስልጠና የሚገድሉ ናቸው፣ ከመርፌው በኋላ ግን የመግደል ጉልበታቸው ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሰውዬው ልክ ነው ልንለው እንችላለን። ግን ላብራቶሪ ውስጥ ኢንተርሊውኪን 2 ብትሰጣቸው ጉልበታቸው ይመለሳል። ሞቱ ማለት አይደለም፣ ለጊዜው ተኝተው ነው።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ መልካም ከሆነ ችግሩ የት ነው?

ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በ2012 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። 551 በሽተኞች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ በመርፌ የተሰበሰበ ደም ወሰዱ፣ ግማሾቹ መቅኔ። ለጋሾቹ ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። በሁለት ዓመት በሕይወት የቆዩት 51 በመቶና 46 በመቶ ናቸው፣ በስታቲስቲክስ ልዩነት የለም የሚባል ነው። ደሙን የወሰዱት ላይ ንቅለ ተከላው አልያዝ ያለው 3 በመቶ ብቻ ላይ ነው፣ መቅኔ የወሰዱት ላይ 9 በመቶ። ነጭ የደም ሴላቸውም አምስት ቀን ያህል ቀድሞ ተነሳ። እስከዚህ ድረስ ደሙ ያሸንፋል። ሥር የሰደደውን ጂቪኤችዲ ስታይ ግን 53 በመቶና 41 በመቶ ነው፣ ደሙ ነው የባሰው።

ሥር የሰደደው ማለት ወራት አልፈው የሚመጣው ነው። አይን ይደርቃል፣ አፍ ይቆስላል፣ ምግብ ያቃጥላል፣ ቆዳ ይጠነክራል፣ አንዳንዱ ላይ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰው ከካንሰሩ ድኖ ይሄን ይዞ ዓመታት ሊኖር ይችላል። በርበሬ መብላት ያቃተው ሐበሻ አስብ። ቀልድ አይደለም፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ሚጥሚጣ ቀርቶ አልጫውም ያቃጥላል።

ለምን መጀመሪያ ያረጋጋው መርፌ ኋላ ላይ ያስቸግራል? አንዱ ምክንያት ቁጥሩ ራሱ ነው። ገላጋዮቹ መርፌው እየራቀ ሲሄድ ገላጋይ ሆነው አይቀሩም፣ አስር እጥፍነታቸው ግን አልቀረም። ሌላው ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ በአይጥ ላይ ከተሠራ ጥናት የመጣ ነው፣ እኔ በጣም የምወደው። ጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ የተወጉት ለጋሽ አይጦች ቲ ሴሎች ወደ ሦስተኛ ጠባይም ያዘነብላሉ፣ ኢንተርሊውኪን 17 ወደሚያመነጨው። እሱ ነው በተቀባዮቹ ላይ ቆዳን የሚያጠነክር፣ ጠባሳ የሚያበዛ ነገር ያመጣው። አየህ፣ ያው አንድ መርፌ ነው። በአንድ እጁ እሳት ያጠፋል፣ በሌላው ፍም ይቀብራል። አይጥ ሰው አይደለም፣ ግን እኛ ክሊኒክ ላይ ከምናየው ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ እህትህ። ለሷ አንድ ሌላ ነገር ሚዛኑ ላይ መቀመጥ አለበት። ቲ ሴሎችህ የሚፈለጉት ደሟ እስኪያንሰራራ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ኬሞው ያልደረሰበት፣ ተደብቆ የቀረ የካንሰር ሴል ካለ እነሱ ናቸው አድነው የሚገድሉት። ኤኤምኤል ላይ ንቅለ ተከላ የሚሠራበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። በ2005 የዘጠኝ ጥናቶችን፣ የ1,111 በሽተኞችን መረጃ አንድ ላይ አድርገው ያዩ ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም ልክ እንዳንተ ከቤተሰብ የተለገሰ። ደም የወሰዱት ላይ ሥር የሰደደው ጂቪኤችዲ በዛ፣ ካንሰሩ የመመለሱ ነገር ግን ቀነሰ። ስለዚህ «የደነዘዘ ወታደር» የሚለው ነገር እዚህ ጋ ይወድቃል። ደንዝዘው ቢሆን ኖሮ ካንሰሩ በብዛት ይመለስ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው።

በሽታዋ ሌላ ቢሆን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። አፕላስቲክ አኒሚያ ቢሆን፣ ማለትም መቅኔው ደም ማምረት አቁሞ ካንሰር ግን ከሌለ፣ ቲ ሴሉ አድኖ የሚገድለው ካንሰር የለም። ጂቪኤችዲ ያኔ ኪሳራ ብቻ ነው። እዚያ ላይ «ከዳሌ አጥንት ይውሰዱ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፣ ባለሙያዎቹም በተለይ ለወጣት በሽተኛ መቅኔን ይመርጣሉ። ምናልባት ያ ሰውዬ የሰማው ስለዚህ ይሆናል። አንድ ነገር ልጨምር፣ እናቶቻችን «መቅኔ» ሲባሉ አከርካሪ ይመስላቸዋል። አይደለም። ከጀርባ በኩል ከዳሌ አጥንት ነው የሚቀዳው፣ ሙሉ ሰመመን ተሰጥቶ። አከርካሪ የሚነካ የለም።

ስለ ሌላ መድኃኒትም ሳትሰማ አትቀርም፣ ፕለሪክሳፎር። ይሄኛው ሽታውን አያጠፋም፣ የስቴም ሴሉን አፍንጫ ነው የሚደፍነው። በቀናት ፈንታ በሰዓታት ይሠራል። በ2008 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የራሳቸውን ሴል ለሚወስዱ የሊምፎማና የመልቲፕል ማየሎማ በሽተኞች ነው። ለጤነኛ ለጋሽ ብቻውን ተሰጥቶ ተሞክሮ ነበር። ከረጢቱ ስቴም ሴሉ ያነሰ፣ ቲ ሴሉ ግን የበዛ ሆኖ መጣ። እኔ ይሄን የማነሳልህ «የሚያወጣው መድኃኒት ሲለያይ የሚወጣው አጃቢም ይለያያል» የሚለውን እንድታይ ነው። ቻይና ደግሞ ቤጂንግ ላይ በግማሽ የሚመሳሰል ቤተሰብ ሲለግስ መርፌውን ወግተው መቅኔውንም ደሙንም አንድ ላይ ይሰጣሉ። የመርፌውን ማረጋጋት ሆን ብለው መሣሪያ አደረጉት ማለት ነው።

ሐኪሞቿን መጠየቅ ካለብህ «ደም ወይስ መቅኔ» ከሚለው ይልቅ ይሄን ጠይቅ፦ ጂቪኤችዲን ለመከላከል ምን ትሰጧታላችሁ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። እናንተ ሰፈር አጠገብ፣ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ያደገ አንድ ዘዴ አለ። ሴሎቹ ከገቡ በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል የቆየ የኬሞ መድኃኒት ይሰጣል። ሰው ሲሰማ ያብዳል፣ አዲስ ሴል ሰጥቶ ወዲያው ኬሞ? ግን ብልሃቱ እዚያ ነው። በሦስተኛው ቀን በንዴት የሚባዙት የእህትህን ሰውነት ባዕድ ብለው ያዩት ቲ ሴሎች ናቸው፣ መድኃኒቱ የሚመታው እነሱን ነው። ስቴም ሴሎቹና አረጋጊዎቹ ቲ ሴሎች መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም ስላላቸው ያመልጣሉ። በ2023 የታተመ ጥናት ከንቅለ ተከላው በፊት ቀለል ያለ የዝግጅት ሕክምና የተሰጣቸውን፣ በአብዛኛው በመርፌ የተሰበሰበ ደም የወሰዱ 431 በሽተኞችን አወዳደረ። በዓመቱ ያለ ከባድ ጂቪኤችዲ፣ ያለ ካንሰር መመለስ በሕይወት የቆዩት በዚህ ዘዴ 52.7 በመቶ፣ በድሮው 34.9 በመቶ ናቸው። በኔ አስተያየት የ2012ቱን የ53 እና የ41 ቁጥር ዛሬ ላይ እንዳለ መጥቀስ ያስቸግራል፣ ጨዋታው ተለውጧል። እሷ ይሄ ይስማማት አይስማማት ግን እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ስላንተ ደግሞ። የመከላከል አቅምህ አይበላሽም። በመርፌው ቀናት ነጭ የደም ሴልህ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይወጣል፣ ወረቀቱን ስታይ እንዳትደነግጥ። መርፌው ሲቆም በቀናት ውስጥ መውረድ ይጀምራል። የቲ ሴሎችህ ጠባይም ይመለሳል፣ መርፌው በሌለበት የሚያባብላቸው የለም። «መርፌው ራሱ ሉኪሚያ ያመጣል» የሚል ወሬም አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ለጋሾችን ለዓመታት የተከታተሉ መዝገቦች ከሌላው ሕዝብ የበለጠ ሉኪሚያ አላገኙባቸውም።

የሚያምህ አጥንትህን ነው። ወገብ፣ ዳሌ፣ የደረት አጥንት። ራስ ምታትም አለ፣ ጉንፋን ሊይዝህ እንደሆነ ዓይነት። የትኛውን ማስታገሻ ልውሰድ ብለህ ቀድመህ ጠይቅ፣ ቤት ያለውን ዝም ብለህ አትዋጥ። ጣፊያህ ለጊዜው ያብጣል፣ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ኳስ የለም፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት የለም። በግራ በኩል ከጎድን አጥንትህ ሥር ወይም ግራ ትከሻህ ላይ ጠንካራ ሕመም ከተሰማህ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ደውል። በጣም አልፎ አልፎ ጣፊያ የሚቀደድበት ጊዜ አለ። ሲክል ሴል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ይሄን መርፌ ጨርሶ መውሰድ የለበትም፣ አደገኛ ነው። መቼም ምርመራ ላይ ጠይቀውሃል።

አንድ ነገር ሳልልህ አልለፍ። አንተ ማች ማድረግህ ዕድል ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ማች የማድረግ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከለጋሾች መዝገብ መፈለግ ቢኖርባችሁስ? በ2014 የታተመ የአሜሪካ መዝገብ ጥናት፣ ዘራቸው ከአውሮፓ ለሆነ ነጮች ሙሉ ማች የማግኘት ዕድል 75 በመቶ ነው ይላል። ለጥቁሮች እንደየመጡበት ከ16 እስከ 19 በመቶ። አንዱ ምክንያት እኛ መዝገብ ውስጥ ጥቂት መሆናችን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ወይም መስጊድ በር ላይ ጉንጭ በጥጥ ጠረግ አድርገው የሚመዘግቡ ሰዎች ካየህ ጓደኞችህን ገፋ ገፋ አድርጋቸው።

የማሽኑ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው ቀን፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ትቀመጣለህ። ደምህ በአንድ ክንድ ይወጣል፣ ማሽኑ የሚፈልገውን ይለያል፣ የቀረው በሌላው ክንድ ይመለሳል። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ነገር ካልሲየምህን ስለሚይዘው ከንፈርህን ይነዝርሃል፣ ጣቶችህንም። አትታገስ፣ ወዲያው ንገራቸው፣ ካልሲየም ይሰጡሃል ወይ ማሽኑን ያቀዘቅዙታል። በዋዜማው እርጎና ወተት ጥሩ ነው። ጾም ከሆነ ግን ቀድመህ ለነርሷ ንገራት፣ ክኒን አለ። ሁለቱም ክንድህ የተያዘ ስለሆነ አፍንጫህን የሚያክክልህ ሰው ይዘህ ሂድ። ጠዋት ደግሞ አቦሉን ብቻ ጠጣ። ቶናውና በረካው ይቆዩህ፣ ከዚያ ወንበር ተነስቶ ሽንት ቤት መሄድ ቀላል አይደለም።